የተባዙ ዘረ-መሎች ዕጣ፦ ከጌዶ ዶሮ እስከ ጣና ዓሣ

በጌዶ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።



የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። የእንስሳት አካል እጅግ የተለያየ ሆኖ ሳለ፣ ያን አካል የሚያንጹት ዘረ-መሎች ስለ ምን ይህን ያህል ተመሳሳይ ሆኑ? የዝንብ፣ የዓሣ፣ የእንቁራሪት፣ የዶሮና የሰው ፅንስ የሚመራው በአብዛኛው በተመሳሳይ የዘረ-መል ቤተሰቦች ነው። ታዲያ አዲስ አካልና አዲስ ጠባይ ከወዴት ይመጣል?

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። በዝግመተ ለውጥ ሂደት ፅንስን የሚመራ ዘረ-መል ከባዶ የሚፈጠርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታዩት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው፣ ነባሩ ዘረ-መል ይባዛና ቅጂዎቹ ሥራ ይከፋፈላሉ። ሁለተኛው፣ ያው ዘረ-መል ሳይለወጥ የሚሠራበት ቦታና ጊዜ ይለወጣል። ለሁለቱም መንገዶች ማስረጃ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በአገራችን ከፍታ ላይ በሚኖሩ እንቁራሪቶች፣ በዓባይ ተፋሰስ በሚኖሩ ዓሦች፣ በየጓሯችንም በሚርመሰመሱ ዶሮዎች ላይ እናያቸዋለን።

ተቆጣጣሪ ዘረ-መል ምንድን ነው?

በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ያለው ዲኤንኤ፣ ከጥቂት ሕዋሳት በስተቀር፣ አንድ ዓይነት ነው። የጉበት ሕዋስና የዓይን ሕዋስ የሚለያዩት ከያዙት መመሪያ ውስጥ በሚያነቡት ክፍል ነው። የትኛው ዘረ-መል፣ መቼና በምን መጠን እንደሚነበብ ከሚወስኑት መካከል ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉት ፕሮቲኖች ዋነኞቹ ናቸው። እነዚህ ፕሮቲኖች በዲኤንኤ ላይ አንድ የተወሰነ አጭር የፊደል ቅደም ተከተል ፈልገው ይጣበቃሉ፤ በዚያም አንድ ዘረ-መል እንዲነበብ ወይም እንዳይነበብ ያደርጋሉ። ለንግግራችን እንዲመች «ተቆጣጣሪ ፕሮቲን» እላቸዋለሁ፤ እነርሱን የሚያስገኘውን ዘረ-መል ደግሞ «ተቆጣጣሪ ዘረ-መል»። በሰው ጂኖም ውስጥ ወደ 1,600 የሚደርሱ ተቆጣጣሪ ዘረ-መሎች አሉ።

እነዚህ ዘረ-መሎች በቤተሰብ ይመደባሉ። ምደባው የሚካሄደው ፕሮቲኑ ከዲኤንኤ ጋር በሚጣበቅበት ክፍል ቅርጽ ነው። ሆሚዮቦክስ፣ ሶክስ፣ ፓክስ፣ ቲ-ቦክስና ዲኤም የሚባሉት ቤተሰቦች በፅንስ ዕድገት ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ ይነሣል። ከእነዚህ እጅግ የታወቀው ሆሚዮቦክስ 180 የዲኤንኤ ፊደላትን የያዘ ክፍል ሲሆን፣ 60 አሚኖ አሲድ ያለውን የፕሮቲን ክፍል ያስገኛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ተገኘ። ያን ጊዜ ዝንብን የሚያጠኑ ሊቃውንት በአንቴና ቦታ እግር የሚያበቅሉና በሁለት ክንፍ ፈንታ አራት ክንፍ የሚያወጡ ዝንቦችን ሲመረምሩ ኖረዋል። ጥፋቱ ያለው የአካልን ክፍሎች ማንነት በሚወስኑት በሆክስ ዘረ-መሎች ላይ መሆኑ ታወቀ። በዚህ መስክ የሠሩት ኤድዋርድ ሉዊስ፣ ክሪስቲያን ኑስላይን-ፎልሃርድና ኤሪክ ቪሻውስ በ1995 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በዚያው ዓመት ከወደ ስዊዘርላንድ ሌላ ውጤት ተሰማ። የዋልተር ጌሪንግ ቡድን ፓክስ-6 የተባለውን የአይጥ ተቆጣጣሪ ዘረ-መል በዝንብ እግርና ክንፍ ላይ እንዲሠራ ሲያደርግ በዚያ ቦታ ዓይን በቀለ። የበቀለው ግን የአይጥ ዓይን አልነበረም፤ የዝንብ ዓይን ነበር። ትእዛዙ ከአይጥ መጣ፤ ትእዛዙን ተቀብሎ የፈጸመው የዝንቡ አካል ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከቤተሰቦቹ አንዳንዶቹ ከእንስሳት ራሳቸው ይቀድማሉ። ካፕሳስፖራ የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር የተገኘው ቢልሃርዝያን ከሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ወገን በሆነ አንድ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ይህ ፍጡር ፅንስ የለውም፤ ጀርባም ሆድም የለውም። ነገር ግን ብራኪዩሪ የተባለው የቲ-ቦክስ ቤተሰብ አባል በጂኖሙ ውስጥ አለ። በ2013 በወጣ ጥናት ይህ ዘረ-መል በእንቁራሪት ፅንስ ውስጥ ሲገባ፣ የእንቁራሪቱን ብራኪዩሪ ሥራ በከፊል መተካት ችሏል። መሣሪያው ከአካሉ በፊት ነበረ ማለት ነው።

ቤተሰቡ እንዴት በዛ?

የዘር ሐረጉን ወደ ላይ እየቆጠረ ላደገ ሰው የዘረ-መል ዝምድና እንግዳ ነገር አይሆንበትም። አንድ ዘረ-መል ከሌላው ጋር በሁለት መንገድ ሊዛመድ ይችላል። በመጀመሪያው፣ አንድ የነበረው ዝርያ ለሁለት ሲከፈል ዘረ-መሉም አብሮ ይለያያል፤ የሰው ፓክስ-6 እና የአይጥ ፓክስ-6 እንዲህ ናቸው። እነዚህን ኦርቶሎግ እንላቸዋለን። በሁለተኛው፣ በአንድ እንስሳ ጂኖም ውስጥ ዘረ-መሉ ይባዛና ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ እነዚህ ፓራሎግ ይባላሉ። ሁለቱን ሳይለይ የሚያነጻጽር ተመራማሪ አጎትን ከወንድም ጋር አሳስቶ የትውልድ ሐረግ እንደሚጽፍ ሰው ነው።

ሱሱሙ ኦኖ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ የዘረ-መል መባዛት የዝግመተ ለውጥ ዋና ምንጭ ነው ሲል ተከራከረ። የሆክስ ዘረ-መሎች ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። የፍራፍሬ ዝንብ 8 የሆክስ ዘረ-መሎች አሉት። የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት ጋር የሚዛመደው አምፊኦክሰስ የተባለ ትንሽ የባሕር እንስሳ 15 ሆክስ ዘረ-መሎች ያሉት ሲሆን፣ ሁሉም በአንድ ተርታ የተደረደሩ ናቸው። ሰው ግን አራት ተርታ አለው። ይህም የሆነው በጥንታዊ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ዘመን ጂኖሙ በሙሉ ሁለት ጊዜ ስለተባዛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት እንሥራ። በሰው ዘንድ ያሉት የሆክስ ዓይነቶች 13 ናቸው። 13 ዓይነት በአራት ተርታ ቢሞላ 52 በሆነ ነበር፤ ያሉን ግን 39 ብቻ ናቸው። አጥንታም ዓሦች ከሚበዙበት ወገን ደግሞ ጂኖሙ አንድ ጊዜ ተጨምሮ ተባዝቷል። ስለዚህ ዜብራፊሽ 8 ተርታ ሊኖረው ይገባ ነበር፤ የተረፉት ግን 7 ናቸው። ከመባዛት ቀጥሎ መጥፋት ይመጣል። የቤተሰቡ ታሪክ የሚጻፈው ከተገኘውም ከጠፋውም ነው።

የቅጂ ዕጣ

ዘረ-መል ሲባዛ ቅጂው ምን ይሆናል? በአንድ በሬ ታሪክ ላስረዳ። ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ቢኖራቸው መቀናጆ ይገባሉ። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ቢሸጥ ማረስ ይቆማል። ስለዚህ ሁለቱም ይጠበቃሉ። በ1999 አለን ፎርስ፣ ማይክል ሊንችና ባልደረቦቻቸው የተባዙ ዘረ-መሎች በተመሳሳይ መንገድ ሊቆዩ እንደሚችሉ አሳዩ። አንድ ዘረ-መል ሁለት ሥራ ነበረው እንበል። ከተባዛ በኋላ አንዱ ቅጂ የመጀመሪያውን ሥራ የሚያዝበትን ማብሪያ በአጋጣሚ ያጣል፤ ሌላው የሁለተኛውን ያጣል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም አስፈላጊ ይሆናሉ። ምሳሌያቸው ኢንግሬልድ-1 የተባለው ዘረ-መል ነበር። በአይጥ ፅንስ ውስጥ ይህ አንድ ዘረ-መል በእጅና እግር እምቡጥም በነርቭ ሕዋሳትም ይሠራል። በዜብራፊሽ ግን ሁለት ቅጂዎች ሲኖሩ፣ አንዱ በፊተኛው ክንፍ እምቡጥ፣ ሌላው በኋለኛው አንጎልና በሕብለ ሰረሰር ነርቮች ሥራውን ይዞ ተለይቷል።

ሌሎች ሦስት ዕጣዎችም አሉ። ቅጂው ሊበላሽና ሊጠፋ ይችላል፤ ይህ እጅግ የተለመደው ነው። አዲስ ሥራ ሊይዝ ይችላል። ወይም ደግሞ በመጠን ሚዛን ምክንያት ሊቆይ ይችላል፦ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ከሌሎች ጋር ተጣምረው ስለሚሠሩ፣ ጂኖሙ በሙሉ ሲባዛ ሁሉም እኩል ይጨምራሉና ሚዛኑ ይጠበቃል፤ ከእነርሱ አንዱ ብቻ ቢጠፋ ሚዛኑ ይናጋል። ተቆጣጣሪ ዘረ-መሎች ከጂኖም መባዛት በኋላ ከሌሎች ይልቅ በብዛት ተጠብቀው የሚገኙት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የከፍታ እንቁራሪቶች

በዓለም ቤተ ሙከራዎች የፅንስ ዕድገት ከሚጠናባቸው እንስሳት አንዱ ዜኖፐስ የተባለው ጥፍራም እንቁራሪት ነው። ቤተ ሙከራዎቹ የሚጠቀሙበት ዜኖፐስ ሌቪስ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ግን በአገራችን አሉ። ዜኖፐስ ክሊቪ በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍታዎች ይኖራል። በ1995 የተሰየመው ዜኖፐስ ላርጀኒ ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ከፍታዎች ብቻ የሚገኝ ነው። ጂኖሙ ያልተባዛው ዜኖፐስ ትሮፒካሊስ 20 ክሮሞሶም ሲኖረው፣ የእኛዎቹ ሁለቱም እንደ ሌቪስ 36 አላቸው።

የሌቪስ ጂኖም በ2016 ሙሉ በሙሉ ሲነበብ፣ ከ17 እስከ 18 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው እንደተገኘ ታወቀ። ከዘረ-መሎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ዛሬም በሁለት ቅጂ አሉ፤ የፅንስ ዕድገትን የሚመሩት ደግሞ ከዚህም በላይ ተጠብቀዋል።

በዚሁ እንቁራሪት ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ የአንድ ቅጂ ታሪክ አለ። ዲኤም-አርቲ-1 የተባለው ተቆጣጣሪ ዘረ-መል ፅንሱ ወደ ወንድነት እንዲያድግ ይረዳል። የዚህ ዘረ-መል አንድ ቅጂ በእንስቶች ብቻ በሚገኘው ደብሊው ክሮሞሶም ላይ አረፈ፤ ዲኤም-ደብሊው ይባላል። ቅጂው ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅበትን ክፍል ይዞ ቀርቷል፤ ዘረ-መል እንዲነበብ የሚያደርገውን ክፍል ግን አጥቷል። ስለዚህ ወንዱ ዘረ-መል የሚጣበቅበትን ስፍራ ይይዝበታል፤ ሥራውን ግን አይሠራለትም። ፅንሱም ሴት ይሆናል። ግኝቱ በ2008 ታተመ። የጎደለ ቅጂ ከምንጩ ተቃራኒ የሆነ ሥራ ይዞ የጾታ ወሳኝ ሆነ።

የዓባይ ዓሦች

ከምዕራብ ሸዋ ከፍታዎች ጉደር ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። በዓባይም በአዋሽም ተፋሰስ ላቤዮባርበስ የተባሉ ዓሦች ይኖራሉ። ጎሉብትሶቭና ክሪሳኖቭ የተባሉ ሩሲያውያን ተመራማሪዎች በ1993 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ትናንሾቹ ባርበሶች 50 ያህል ክሮሞሶም ሲኖራቸው፣ ትላልቆቹ ላቤዮባርበሶች 150 ያህል እንዳላቸው አሳዩ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። በኋላ የመጡ ጥናቶች ይህ ጂኖም የተገኘው ሁለት የተለያዩ የዓሣ የዘር ሐረጎች በመዳቀላቸው እንደሆነ አመልክተዋል። ዜብራፊሽ 7 የሆክስ ተርታ ካለው፣ ምንም ቅጂ ባይጠፋ ኖሮ በእነዚህ ዓሦች ዘንድ ተርታዎቹ 21 ይሆኑ ነበር።

በጣና ሐይቅ 15 የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ተለይተው ተገልጸዋል። ከእነርሱ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ይህ ለዚህ ወገን ያልተለመደ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው። አፈ ሰፊ፣ አፈ ጠባብ፣ ከንፈረ ወፍራም፣ ራሰ ረጅም የሆኑ ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ ተገኝተዋል። የአፍና የመንጋጋ ቅርጽ የሚወሰነው በፅንስ ዕድገት ጊዜ፣ እስካሁን በተናገርንላቸው የዘረ-መል ቤተሰቦች ነው።

«ሦስት እጥፍ የሆነው ጂኖም ይህን ሁሉ ዝርያ ፈጠረ» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ያው ጂኖም ያላቸው ዓሦች በአዋሽና በዝዋይም አሉ፤ በዚያ ግን እንደ ጣና አልተከፋፈሉም። ጣና ከታችኛው ዓባይ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለተለየ እንደ ናይል ፐርች ያሉ ትላልቅ አዳኞች አልደረሱበትም። ስለዚህ የአዳኝነት ስፍራ ክፍት ሆኖ ቆየ። በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ በገናሌ፣ በጎጀብ፣ በዴዴሳና በሶር ወንዞች የሚኖሩ ላቤዮባርበሶችም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ወደ ተለያዩ የአፍ ቅርጾች እንደተከፋፈሉ አሳይቷል። ከዚህ የምማረው ይህን ነው፦ ቅጂ አቅም ነው፤ አቅሙን ሥራ ላይ የሚያውለው ግን የሚኖርበት ውሃ ነው። የዝንቡ አካል የአይጡን ትእዛዝ በራሱ መንገድ እንደፈጸመው ሁሉ፣ ዘረ-መል ብቻውን ታሪኩን አይጨርሰውም።

ዶሮው

አሁን ቅጂ የሌለበትን መንገድ እንመልከት። በዶሮ አናት ላይ የሚበቅለውን ቀይ ሥጋ፣ ኩክኒ የሚባለውን፣ አስተውሉ። በአገራችን ዶሮዎች ዘንድ ዓይነቱ ብዙ ነው። እንደ መጋዝ ጥርስ የቆመ ነጠላ አለ፤ ዝቅ ብሎ በሦስት ረድፍ የተደረደረ፣ «የአተር ቅርጽ» የሚሉት አለ፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ በትናንሽ ጉብታዎች የተሸፈነ፣ «የጽጌረዳ ቅርጽ» የሚሉትም አለ። ዊልያም ቤትሰን የሜንዴል ሕግ በእንስሳት ላይም እንደሚሠራ በ1902 ያሳየው በእነዚህ ቅርጾች ነው። በኋላም ከፑኔት ጋር ሆኖ የአተርና የጽጌረዳ ቅርጾች ሲዳቀሉ ከሁለቱም የተለየ፣ የተሸበሸበ አራተኛ ቅርጽ እንደሚወጣ አሳየ።

ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ ዘረ-መሎቹ ታወቁ። በ2009 የአተር ቅርጽ መንስኤ ሶክስ-5 በተባለው ተቆጣጣሪ ዘረ-መል ውስጥ፣ ፕሮቲን በማያስገኝ ክፍል ላይ፣ አንድ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ መገኘቱ እንደሆነ ተገለጸ። በ2012 ደግሞ የጽጌረዳ ቅርጽ ምስጢር ተፈታ። በክሮሞሶም 7 ላይ ከ7 ሚሊዮን በላይ የሆኑ የዲኤንኤ ፊደላት ቦታቸውን ገልብጠዋል። በዚህም የተነሣ ኤምኤንአር-2 የተባለው የሆሚዮቦክስ ቤተሰብ አባል ከአዲስ ማብሪያ አጠገብ ወደቀ። የዚህ ዘረ-መል የተለመደ ሥራ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮችን መለየት ነው፤ አሁን ግን ለጥቂት ጊዜ በፅንሱ አናት ላይም ይሠራል። ፕሮቲኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አድራሻው ነው።

ግልበጣው ዋጋም አስከፍሏል። በግልበጣው ጫፍ ላይ የነበረ ሌላ ዘረ-መል ስለተቆረጠ፣ ለውጡን ከአባትም ከእናትም የወረሱ አውራ ዶሮዎች የዘር ፈሳሻቸው ደካማ ይሆናል። ዶሮ ለሚያረባ ገበሬ ይህ ጥቅም ያለው እውቀት ነው። ከዚህ ወደ ምዕራብ የሚገኘው የሆሮ ዶሮ ከ2008 ጀምሮ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ለተሻለ ምርት ሲመረጥ ቆይቷል። መራጭ በዓይኑ የሚያየው ቅርጽ ከማያየው ጠባይ ጋር ተያይዞ ሊመጣ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ለምን ይገደናል?

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ ሁለት ነገር እነግረዋለሁ።

የመጀመሪያው ለተማሪዎች ነው። በአገራችን ዓሦችና እንቁራሪቶች ላይ የመመረቂያ ጥናት የሚሠራ ሰው አንድ ተቆጣጣሪ ዘረ-መል አባዝቶ ሲያነብ፣ ያገኘው የአንድ ዘረ-መል ሁለት መልክ ነው ወይስ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች? ይህን ሳይለይ የዝምድና ሐረግ ቢሠራ ሐረጉ የዝርያዎቹን ሳይሆን የቅጂዎቹን ታሪክ ይነግረዋል። በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤም አይበቃም፤ የጣና ዝርያዎች በእርሱ እርስ በርስ እጅግ ይቀራረባሉና። «በዲኤንኤ አይለያዩም፣ ስለዚህ አንድ ዓሣ ናቸው» የሚል ችኩል ድምዳሜ ለዓሦቹ ጥበቃ አደጋ ነው።

ሁለተኛው ለሁላችንም ነው። በጣና በሞተር ጀልባና በመረብ የሚካሄደው ዓሣ ማስገር በ1986 ተጀመረ። ብዙዎቹ ላቤዮባርበሶች ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ መረቡም የሚጠብቃቸው እዚያው ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ ክምችታቸው በ75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ በጥናት ተረጋግጧል። ቅጂዎቹ እስኪገኙ ሚሊዮን ዓመታት ፈጅተዋል፤ ሥራ የሰጣቸውን ውሃና የመራቢያ ወንዝ ለማጥፋት ግን አንድ የሰው ዕድሜ ይበቃል። ጂኖሙ በአዋሽ ቢተርፍም የጣናው ታሪክ በአዋሽ አይደገምም።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ልስጥና ላብቃ። በየቤታችሁ ያሉትን ዶሮዎች የአናት ቅርጽ መዝግቡ፤ የትኛው አውራ ከየትኛዋ እናት ምን ዓይነት ጫጩት እንዳስገኘ በደብተር ያዙ። ቤትሰን የጀመረው በዚህ ነበር። ወንዝ የቀረባችሁም ዓሦቹ በየትኛው ወር ለመራባት እንደሚወጡ አባቶችን ጠይቃችሁ ጻፉ። ማንኛውም ቤተ ሙከራ ሥራውን የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ መዝገብ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።